ራቭ ፎር፦ ዘይት ተቀይሮም የሰርቪስ መብራቱ አልጠፋም፤ አሁን ደግሞ ሦስት መብራት አንድ ላይ በራ

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ) — ሰኞ ረፋድ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ቤት ስለ መኪና የሚያውቅ ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው የመጣሁት።

መኪናዬ የ2008 ቶዮታ ራቭ ፎር ናት። ባለ 2.4 ሞተር፣ ፎር ዊል። ያገለገለች ነው የገዛኋት፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ልጆች ትምህርት ቤት የማደርሰውም፣ ሥራ የምሄደውም በእሷ ነው። ሌላ መኪና የለንም።

ቅዳሜ ዕለት ዘይትና ፊልትሮ አስቀየርኩ። ከዚያ በፊት «ሜይንት ሪኳየርድ» የሚል ቢጫ ጽሑፍ ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ነበር። ዘይቱ ሲቀየር ይጠፋል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠፋም።

ዛሬ ጠዋት ልጆቹን ጭኜ ስወጣ ደግሞ ሦስት መብራት አንድ ላይ በራ። ቼክ ኢንጂን፣ ቪኤስሲ (የመንሸራተት መቆጣጠሪያው) እና ፎር ዊል። መኪናዋ አካሄዷ ምንም አልተለወጠም። ድምፅም የለም። ልጆቹን አድርሼ በቅርብ ያለ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ሰውየው በመስኮት አየና «የፎር ዊሉ ሲስተም ሄዷል፣ ከ1,400 ዶላር አያንስም» አለኝ። ኮምፒውተር አልሰካም። ከስር አላየም። የኤሚሽን (የጭስ) ምርመራ ደብዳቤም መጥቶልኛል፣ ቀኑ የሚቀጥለው ወር ነው።

እነዚህን መብራቶች ራሴ ማጥፋት እችላለሁ? ማጥፋትስ አለብኝ? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

የሌሊት ሹፌር (አርሊንግተን) — ሰኞ ረፋድ

እህቴ አይዞሽ። እኔም ይኸው ነገር ደርሶብኛል፣ ያውም የዚያው ዘመን ራቭ ፎር ላይ። ከምንም በፊት የነዳጅ ክዳኑን ፈትተሽ እንደገና ግጠሚው። ቀጭ ቀጭ እስኪል አጥብቂው። ነዳጅ የሞላሽው መቼ ነው?

የሁለት ልጆች እናት — ሰኞ ቀትር ላይ

ሐሙስ ማታ ነው የሞላሁት። ዝናብ ነበር፣ ትንሹ ልጄ ከኋላ ያለቅስ ነበር፣ ቸኩዬ ነው የዘጋሁት። ግን ከሐሙስ እስከ ዛሬ ድረስ ምንም መብራት አልነበረም። የክዳን ቢሆን ያኔውኑ አይበራም ነበር?

ካንዴላ (አሌክሳንድሪያ) — ሰኞ ማታ

አሁን ከሥራ መግባቴ ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት፣ እዚህ ደግሞ 19 ዓመት ቶዮታ ስሠራ ኖሬያለሁ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እህቴ፣ መኪናሽ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ነው እየነገረችሽ ያለችው። በአንድ ሳምንት ስለመጡ ነው አንድ የመሰሉሽ።

«ሜይንት ሪኳየርድ» ብልሽት አይደለም። ቆጣሪ ነው። ዘይቱን አያይም፣ ፊልትሮውንም አያውቅም። ባለፈው ዜሮ ከተደረገ ወዲህ የተነዳውን ማይል ብቻ ይቆጥራል። 4,500 ማይል ገደማ ላይ መኪናው ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ብልጭ ይላል። 5,000 ሲሞላ በርቶ ይቀራል። ዘይቱን የቀየረው ሰው ዜሮ ካላደረገው በቀር አይጠፋም። ብዙ ቦታ ይረሱታል።

አጠፋፉ እንዲህ ነው። ቁልፉን ኦን ላይ አድርጊ፣ ሞተሩን ግን አታስነሺ። ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ጫን ለቀቅ እያደረግሽ ማሳያው ኦዶ ላይ እንዲሆን አድርጊ፣ ማለትም መኪናዋ ጠቅላላ የሄደችበት ማይል የሚታይበት። ከዚያ ቁልፉን አጥፊ። አሁን ዘንጓን ተጭነሽ ያዢ፣ ሳትለቂ ቁልፉን እንደገና ኦን አድርጊ። አሁንም ሞተሩ እንዳይነሳ። ዜሮዎቹ እስኪደረደሩ ድረስ አትልቀቂ። ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ነው። መብራቱ ይጠፋል። ከ2009 ወዲህ ባሉት ብዙዎቹ ላይ ኦዶ ሳይሆን ትሪፕ ኤ (የአንድ ጉዞ ማይል የሚቆጥረው) ላይ መሆን አለበት፣ አንዱ እምቢ ካለ ሌላውን መሞከር ነው። ቁልፍ የሌላቸው፣ በበተን የሚነሱት ደግሞ ፍሬን ሳይረገጥ በተኑ ሁለት ጊዜ ሲጫን ነው ኦን ላይ የሚመጡት። ፍሬን ከተረገጠ ሞተሩ ይነሳል።

ይኼን መብራት ራስሽ ማጥፋት ትችያለሽ። ግን ዘይቱ በእርግጥ ከተቀየረ በኋላ ብቻ። ለምን እንደምል ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ሦስቱ ልሂድ። የዚያ ዘመን ራቭ ፎር ላይ ቼክ ኢንጂን ሲበራ ኮምፒውተሩ የመንሸራተት መቆጣጠሪያውንና ፎር ዊሉን ለጥንቃቄ ያቆማቸዋል። የሞተሩን ሁኔታ ካላመነ በእነሱም አይሠራም። ስለዚህ ሦስቱም ይበራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፎር ዊሉ ደህና ነው፣ ቪኤስሲውም ደህና ነው። ምክንያቱ ሞተሩ በኩል አንድ ቦታ ነው። ኮዱን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር፣ ሳያነብ «ፎር ዊሉ ሄዷል» ያለሽ ሰው ዳሽቦርዱን እንጂ መኪናውን አላየም። 1,400 ዶላርሽን አትስጪ።

ክዳኑ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ለምን ዝም አለ ላልሽው፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮምፒውተሩ የቤንዚን ተን ማምለጥ አለማምለጡን የሚፈትሸው መኪናው ቆሞ ነው። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ሞተሩ ከጠፋ 5 ሰዓት ገደማ በኋላ ትንሽ ፓምፕ በራሷ ትነሳና ታንከሩን ትፈትሻለች። ሌሊት መኪና ማቆሚያው ውስጥ የሆነ ነገር ሲያንዛርር ሰምተሽ ከሆነ እሷ ናት። ደግሞ በአንድ ጊዜ አያምንም። ሁለት ጊዜ ፈትሾ ሁለቱንም ጊዜ ሲያፈስ ካገኘው ነው መብራቱን የሚያበራው። ሐሙስ ማታ ላልጠበቀ ክዳን ሰኞ ጠዋት መብራቱ ቢመጣ ልክ ነው።

ነገ አውቶዞንን ወደመሰለ የመለዋወጫ መደብር ጎራ በይ። ኮዱን በነፃ ያነቡልሻል። ከመሪው በታች ጉልበትሽ ጋ ባለ 16 እግር መሰኪያ አለ። ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ መኪና ሁሉ አለው። የሚያነቡልሽን ቁጥር ጽፈሽ አምጪልኝ። እንዲያጠፉልሽ ግን አታድርጊ። ንባብ ብቻ።

የመገናኛው (አዲስ አበባ) — ማክሰኞ ጠዋት

ጋሼ ካንዴላ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነገር ልጨምር፣ አዲስ አበባ ለሚገዛ ሰው ይጠቅማል።

አምና ለወንድሜ ራቭ ፎር ልንገዛ ሄደን ነበር። ቀለሟ የጠራች፣ ሊብሬዋ ንጹሕ። ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ ነው የጠበቀን። ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት የለም። ወንድሜ ሊከፍል ነበር። እኔ አጥፍቼ ቁልፉን ኦን ላይ ብቻ አደረግኩት። ኤርባጉ በራ፣ ኤቢኤሱ በራ፣ ባትሪው በራ፣ የዘይቷ ማሰሮ በራች። ቼክ ኢንጂኑ የለም። ቦታው ጥቁር ነው።

ደህና መኪና ላይ ቁልፉ ኦን ሲሆን ሁሉም መብራት ይበራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። እሱ ነው ጤናው። ኦን ላይ የማይበራ መብራት አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል። ይዘነው የሄድነው ኤሌክትሪሻን ሰሌዳውን ሲከፍተው ከኋላ በጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩን አነሳው፣ ቼክ ኢንጂኑ ቦግ አለ። ሞተሩ ተነስቶም አልጠፋም።

የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና ነው ሁሉም የሚሻማው። ዋጋውም እንደዚያው ነው። ስትገዙ ሞተሩ ሲነሳ ሳይሆን ከመነሳቱ በፊት ዳሽቦርዱን እዩ። 3 ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

የሌሊት ሹፌር — ማክሰኞ ጠዋት

የመገናኛው፣ ይኼ ምክር ብቻውን የአንድ ሰው ገንዘብ ያድናል። ተባረክ።

ጥያቄ ለካንዴላ። ጓደኞቼ ባትሪውን 10 ደቂቃ ንቀለው፣ ሁሉም ይጠፋል ይላሉ። እኔም አንድ ሁለቴ አድርጌዋለሁ፣ ይጠፋል። ምርመራው ከመድረሱ በፊት እህታችን እንዲህ ብታደርግስ?

ካንዴላ — ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ መብራቱ ይጠፋል። ምርመራውን ግን አታልፍም።

ባትሪ ሲነቀል ኮዱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ኮምፒውተሩ ራሱን የፈተሸበት መዝገብም አብሮ ይጠፋል። ካታሊቲኩን (ጭሱን የሚያጣራውን) ፈትሻለሁ፣ የኦክስጅን ሴንሰሮቹን ፈትሻለሁ፣ ታንከሩን ፈትሻለሁ የሚልባቸው ዝርዝሮች አሉት። ከተነቀለ በኋላ ሁሉም «አልተጠናቀቀም» ላይ ይመለሳሉ። የምርመራ ጣቢያው ማሽን መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው። ከ2001 ወዲህ ለተሠሩ የቤንዚን መኪናዎች በተለምዶ አንድ ያልተጠናቀቀ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ከዚያ በላይ ከሆነ ይመልሱሻል። መልሶ ለማሟላት ለቀናት መንዳት ይጠይቃል፣ በአውራ ጎዳናም በከተማም፣ ሌሊት አድሮ በቀዝቃዛው ማስነሳትም ያስፈልጋል። ታንከሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ወይም ባዶ ሊሆን ተቃርቦ ከሆነ የተን ፍተሻው ጭራሽ አይጀመርም። ከ2010 ገደማ ወዲህ ባሉት ላይ ደግሞ ባትሪ ቢነቀልም የማይጠፋ ቋሚ ኮድ አለ። እሱን የሚያጠፋው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፣ ጥገናውን አይቶ ሲያምን።

ሌላም አለ። ኮዱ ሲጠፋ ብልሽቱ የተመዘገበበት ቅጽበት አብሮ ይጠፋል። ሞተሩ ስንት ዲግሪ ነበር፣ ፍጥነቱ ስንት ነበር፣ ጭነቱ ምን ያህል ነበር፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። እኔ መኪናው እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሰው አጥፍቶት ሲመጣ በሽተኛው የምርመራ ወረቀቱን ቀዶ እንደመጣ ነው የምቆጥረው።

የሁለት ልጆች እናት — ረቡዕ ማታ

ጋሼ ካንዴላ፣ እንደነገሩኝ አደረግኩ።

መጀመሪያ የሰርቪሱን መብራት ሞከርኩ። የመጀመሪያው ጊዜ አልሠራም። ማሳያው ትሪፕ ቢ ላይ ነበር ለካ። ትሪፑን ብቻ ዜሮ አደረገብኝ። ሁለተኛ ኦዶ ላይ አድርጌ፣ አጥፍቼ፣ ዘንጓን ተጭኜ ቁልፉን ኦን አልኩ። በማይሉ ቦታ ሰረዞች ተደረደሩ። አንድ በአንድ ጠፉ። ከዚያ 000000 መጣ፣ ቢጫውም ጠፋ። ስለቀው ደግሞ ማይሉ ተመልሶ መጣ። አንድ ጊዜ ደንግጬ ነበር፣ የመኪናዋን ማይል ያጠፋሁት መስሎኝ። ሌላ ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ነው የምጽፈው።

ኮዱንም አስነበብኩ። ፒ 0455 ነው የሚለው። ሌላ ኮድ የለም። ልጁ «ትልቅ የተን ማምለጥ» አለኝ። ላጥፋልሽ ሲለኝ አይ አልኩት።

ክዳኑን በስልኬ መብራት አየሁት። ዙሪያውን ያለው ጥቁር ላስቲክ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ጥፍሬን ያስገባል። ሐሙስ ማታም ጠብቆ አልነበረም፣ ላስቲኩም አርጅቷል።

ካንዴላ — ረቡዕ ማታ

ጎሽ። ኮዱም ምክንያቱም ተገናኙ። አዲስ ክዳን ግዢ፣ ዋናውን የቶዮታውን ቢሆን ይመረጣል። ርካሾቹ አንዳንዴ በደንብ አይገጥሙም። ከዚያ ተዪው። ንጂ ብቻ። ኮምፒውተሩ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ፈትሾ ምንም ካላገኘ ቼክ ኢንጂኑን ራሱ ያጠፋዋል፣ ቪኤስሲውና ፎር ዊሉም አብረው ይሄዳሉ። ታንከሩን ግማሽ አካባቢ አቆይው። ሌሊት በደንብ ትቁም።

እስከዚያው አንድ ነገር እወቂ። ቼክ ኢንጂን ዝም ብሎ ከበራ ቀጠሮ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ብልጭ ብልጭ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ እሳት እየሳተ ነው ማለት ነው፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲኩን ያቃጥለዋል። ያኔ ፍጥነት ቀንሺ፣ ዳር ያዢ። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ወይም ለእሱ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል በትንሽ ገንዘብ ይቀየር የነበረውን፣ ገፍተሽ ከነዳሽው የካታሊቲክ ዋጋ ትከፍያለሽ።

ዱባይ ነኝ — ሐሙስ ጠዋት

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ የምነዳው የአሜሪካ ስታንዳርድ የሆነ የ2015 ራቭ ፎር ነው። የአሠሪዎቼን ልጆች አመላልሳለሁ። የጎማ መብራቱ፣ ቃለ አጋኖ ያለበት ቢጫው፣ በርቶ ነበር። ከመሪው በታች ሪሴት የሚያደርግ በተን እንዳለ ሰማሁ፣ ተጭኜ አጠፋሁት። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። አሁን ደግሞ መኪናው ሲነሳ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ብልጭ ይልና ከዚያ በርቶ ይቀራል። ምንድነው ችግሩ?

ካንዴላ — ሐሙስ ማታ

ሁለት ነገር ሆኖብሃል ወንድሜ፣ አንዱ ከሌላው የተለየ ነው።

ያ በተን መብራት ማጥፊያ አይደለም። «አሁን ጎማዎቹ ውስጥ ያለው አየር ልክ ነው፣ ይኼን መዝግብ» የሚል ትእዛዝ ነው። ጎማው ጎድሎ ሳለ ስትጫነው የጎደለውን ልክ ነው ብለህ አስተማርከው። ከዚያ በኋላ የሚያስጠነቅቅህ ከዚያም በታች ሲወርድ ነው። ልጆች የሚጫኑበት መኪና ነው ያልከው፣ በሙቀት አስፋልት ላይ የጎደለ ጎማ ይግላል፣ ይፈነዳል። በቅድሚያ የሾፌሩን በር ክፈት፣ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስንት ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) እንደሚሞላ ይነግርሃል። ማለዳ፣ መኪናው ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ሙላ። ቀን ላይ ነድተኸው ብትለካ የሙቀቱ ግፊት ያታልልሃል። አራቱም ልክ ከሆኑ በኋላ ቁልፉን ኦን አድርግና በተኑን ተጫን፣ መብራቱ ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ ብልጭ ሲል ልቀቅ። አንዳንዱ ሞዴል ላይ በተኑ ጓንት ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ አዲሶቹ ላይ ደግሞ በመሪው በተኖች ከሜኑ ውስጥ ነው የሚገኘው።

አንድ ደቂቃ ብልጭ ብሎ መቅረቱ ግን የአየር አይደለም። አንዱ ሴንሰር አይሰማም ማለት ነው። ሴንሰሩ ጎማው ውስጥ ነው ያለው፣ የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆያል። 2015 ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ያንን የትኛውም በተን አያጠፋውም። ጎማ የምትቀይርበት ቀን አብረህ አስቀይረው፣ ጎማው አንዴ ከተፈታ ሥራው ቀላል ነው።

የመገናኛው — ሐሙስ ማታ

እዚህ አዲስ አበባ ከውጭ ሲገቡ ሴንሰሩ የነበራቸው ብዙ መኪናዎች አሉ። ጎሚስታው ጎማ ሲፈታ በብረቱ ይሰብረዋል፣ ወይም አውጥቶ ተራ ቬንትል ያስገባል። ከዚያ መብራቱ የዘላለም ይሆናል። ጎማ ስታሠሩ ከጎኑ ቁሙ፣ «ሴንሰር አለው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሰናይ ቀን (ዴንቨር) — ሐሙስ ማታ

የሆንዳ ሰዎችም አለን። የእኔ የ2010 ሲአርቪ ነው። በቶዮታው አሠራር ሞክሬ አልሆነልኝም ነበር።

ሆንዳው ማይል ብቻ አይቆጥርም። ሞተሩ የሠራበትን ሁኔታ እያየ የዘይቱ ዕድሜ ስንት ፐርሰንት እንደቀረው ያሰላል። 15 ፐርሰንት ሲደርስ የመፍቻ ምልክቷ ትበራለች። አጠገቡ የሚመጣው ፊደልና ቁጥር ነው ዋናው። ኤ ከሆነ ዘይት ብቻ፣ ቢ ከሆነ ዘይትና ፊልትሮ ሆኖ ፍሬኑም ይታያል፣ 1 ሲጨመርበት ጎማ ማዘዋወር ነው። ሳታነቡት አታጥፉት፣ ወረቀት ላይ ጻፉት። ማጥፊያው ቁልፉን ኦን ላይ አድርጎ፣ የዘይቱ ፐርሰንት እስኪመጣ ሴሌክት ሪሴት የሚለውን መጫን ነው። ከዚያ 10 ሰከንድ ያህል ይዞ መቆየት፣ ብልጭ ሲል ለቅቆ እንደገና 5 ሰከንድ መያዝ። 100 ይላል።

ሐዋሳ መንገድ (አዳማ) — ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት

ሁሉንም አነበብኩ። ካንዴላ «ኋላ እመለስበታለሁ» ያለውን ሳይመለስበት እኔ ልናገር፣ የከፈልኩበት ነገር ስለሆነ።

የእኔም 2.4 ነበረች፣ የ2007። የሰርቪስ መብራቷ ሲበራ እንዴት እንደሚጠፋ ቪዲዮ አይቼ ተማርኩ። ያን ሰሞን ዘይት ተወዷል፣ ሥራም በዝቶብኛል። ዜሮ አደረግኩትና «በሚቀጥለው ወር እቀይራለሁ» አልኩ። ወሩ አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ። መብራቱ የለም፣ እኔም ረሳሁት። ኮፈኑን ከፍቼ የዘይቱን መለኪያ አንድ ቀን አላየሁም።

ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ ለጥምቀት ሐዋሳ ስንሄድ መቂን እንዳለፍን ቀይ መብራት ብልጭ አለች። የዘይት ማሰሮዋ። ጠብታ ያላት። ኩርባ ላይ ትበራለች፣ ቀጥ ሲል ትጠፋለች። «ዝዋይ ደርሼ አያታለሁ» አልኩ። ግማሽ መንገድ አልሄድኩም። መጀመሪያ ከሞተሩ ውስጥ በመዶሻ የሚመታ የመሰለ ድምፅ መጣ። ባለቤቴ «ምንድነው?» ስትል ሞተሩ ነክሶ ቆመ። መሪው ከበደኝ። ከኋላችን አይሱዙ ነበር። በእግዚአብሔር ቸርነት ነው ዳር የወጣነው።

መካኒኩ መለኪያውን ሲያወጣው ደረቅ ነበር። ጫፉ ላይ እንኳ ዘይት የለም። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ፈልጌ አስገባሁ፣ ለቤት ሥራ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ሁሉ ሄደ። ሞተሩ ይገዛል። ልጆቼ የተቀመጡበት ወንበር ግን አሁንም ዓይኔ ላይ ይመጣል።

ካንዴላ — ዓርብ ጠዋት

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፋችሁ። ስለጻፍከው አመሰግንሃለሁ፣ ከእኔ ይሻላል።

የምመለስበት ያልኩት ይኼው ነው። ያ 2.4 ሞተር፣ ራቭ ፎር ላይ ከ2006 እስከ 2008 የገባው፣ ዘይት በመብላት የታወቀ ነው። ከፒስተን ቀለበቶቹ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቶዮታ ራሱ ለዚህ ችግር የዋስትና ጊዜ አራዝሞ ሞተሮችን ጠግኗል። ዘይቱ አይፈስም፣ መሬት ላይ ምንም አታዩም፣ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። የማይል ቆጣሪው ይኼን አያውቅም። ቀዩ መብራት ደግሞ የዘይቱን መጠን አይለካም፣ ግፊቱን ነው። እሱ የበራ ጊዜ ፓምፑ አየር መሳብ ጀምሯል። ያን ጊዜ ቀጣይ ከተማ የሚባል ነገር የለም። እዚያው ዳር ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ያንቺም ያው ሞተር ነው። ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሜዳ ቦታ ላይ፣ መለኪያውን አውጥተሽ በሶፍት ጥረጊው፣ መልሰሽ አስገቢው፣ እንደገና አውጥተሽ እዪው። በሁለቱ ምልክቶች መሀል የት ላይ እንዳለ ጻፊ። በየሁለት ሳምንቱ እንዲሁ አድርጊ። ነዳጅ ስትሞዪ ብታደርጊው አትረሺውም፣ ግን ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይቁም፣ ዘይቱ ይውረድ።

የሌሊት ሹፌር — ዓርብ ጠዋት

ስለ ኤርባግ መብራትም አንድ ነገር በሉን። ወንበር አንስቼ ካጸዳሁ በኋላ በራብኝ።

ካንዴላ — ዓርብ ማታ

ከወንበሩ ስር ቢጫ ሶኬት አለ። ስታነሳው ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ላልቷል። በቶዮታ ላይ ቢጫ ሽቦ ማለት ኤርባግ ነው። ባትሪው ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይቆይ አትንካው። ብትመልሰውም መብራቱ ላይጠፋ ይችላል፣ በስካነር ነው የሚጠፋው፣ ርካሹ የብሉቱዝ ኦቢዲ (የኮድ ማንበቢያ) ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤርባግ አያነብም። መሪው ላይ ያለው ጥሩንባና በተኖቹ አብረው ከሞቱ ግን ከመሪው ውስጥ ያለው ጥምዝ ገመድ ነው። በ2014 ቶዮታ ለእሱ ሲል መኪናዎችን ለጥገና መልሶ ጠርቷል፣ ከ2006 እስከ 2008 ያለው ራቭ ፎርም ነበረበት። የሻንሲ ቁጥርህን አስገብተህ ተሠርቶልህ እንደሆነ አረጋግጥ፣ ጥገናው በነፃ ነው። ይኼን መብራት ግን ማንም በፕላስተር እንዲሸፍንላችሁ አትፍቀዱ። መብራቱ በርቶ ሳለ በግጭት ቀን ኤርባጉ ላይከፈት ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት — ሐሙስ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ሰላም ናችሁ? ውጤቱን ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈለግኩም።

አዲስ ክዳን ገጠምኩ። ማክሰኞ ነበር። ረቡዕ መብራቶቹ አሉ። ሐሙስ አሉ። ዓርብም አሉ፣ ልቤ መጠራጠር ጀምሮ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ኳስ ሜዳ ልወስድ ቁልፉን ኦን አደረግኩ። ሁሉም በሩ፣ የመገናኛው እንዳለው አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ሞተሩን አስነሳሁ። ሁሉም ጠፉ። ትልቁ ልጄ ከኋላ «እማዬ፣ ቢጫው የለም!» አለ።

ትናንት ኤሚሽኑን አለፈች። ማሽኑ ሁሉም ተጠናቋል አለ። ያወጣሁት የክዳኑን ዋጋ ብቻ ነው።

ዘይቱንም ለካሁ። ሲቀየር ከላይኛው ምልክት ላይ ነበር። ከ600 ማይል በኋላ ወደ መሀል ወርዷል። ሐዋሳ መንገድ፣ ያንተን ታሪክ ባላነብ አላየውም ነበር። ባለቤትህንና ልጆችህን ሰላም በልልኝ። አንድ ጠርሙስ ዘይት ከኋላ አስቀምጫለሁ፣ ማይሉን ደግሞ ሾፌሩ በር ላይ በፕላስተር ለጥፌ እጽፋለሁ።

ጋሼ ካንዴላ፣ በ600 ማይል ይኼን ያህል መውረዱ ብዙ ነው?

ካንዴላ — ሐሙስ ማታ

እንኳን ደስ አለሽ።

ትንሽ አይደለም፣ ግን አትፍሪው። መጀመሪያ የሚጣራ ነገር አለ። ከቫልቩ ሽፋን በኩል ያለች ፒሲቪ የምትባል ትንሽ ቫልቭ አለች፣ ከተዘጋች ዘይት ታስበላለች፣ ዋጋዋም ጥቂት ዶላር ነው። እሷን ቀይሪና ሙሉ ሞልተሽ ሌላ 1,000 ማይል ለኪ። ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልኝ። ከዚያ እንነጋገራለን።